የፎርት ቫንኩቨር ምሽግ፤ በመዝገብ የተጻፈውና ያልተጻፈው



ምሽግ የሚለውን ቃል በሰማን ጊዜ በሐሳባችን ቶሎ የሚደቀነው መድፍ፥ ዘበኛና የጦር ጩኸት ነው። ዛሬ ማታ የማጫውታችሁ ግን በመድፍ ሳይሆን በሚዛን፥ በመጋዘንና በሒሳብ መዝገብ ስለ ኖረ አንድ ምሽግ ነው። ስሙ ፎርት ቫንኩቨር ይባላል። የሚገኘውም በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ ዛሬ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በሚባለው አገር፥ በታላቁ በኮሎምቢያ ወንዝ ሰሜናዊ ዳር ነው። በካናዳ ውስጥ ቫንኩቨር የሚባል ትልቅ የወደብ ከተማ አለና አድማጮቼ አንዱን ከሌላው እንዳያምታቱት አደራ እላለሁ። የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ምሽግ ለንግግሬ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። መዝገብ የሚይዝ፥ ንብረት የሚረከብና የሚያስረክብ፥ ከሩቅ የተጻፈ ትእዛዝ ተቀብሎ በቅርብ ከቆመ ባለ ጉዳይ ጋራ ፊት ለፊት የሚነጋገር ሰው ሁሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱን ወንበር ያገኛል ብዬ ስለማምን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ እንስሳ ነው። በአገራችን የሌለ በመሆኑ የአማርኛ ስም አላገኘም፤ ፈረንጆች ቢቨር ይሉታል። እንደ አይጥና እንደ ጃርት በጥርሳቸው ከሚቆረጥሙ እንስሳት ወገን ሲሆን ክብደቱ እስከ 30 ኪሎ ይደርሳል። ጅራቱ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ የተዘረጋ ነው፤ ዛፍ በጥርሱ ገዝግዞ ይጥላል፤ በወንዝ ላይም ግድብ ይሠራል። የቢቨር ቆዳ ሁለት ዓይነት ጠጉር አለው። ከላይ ያለው ረጅምና ሻካራ፥ ከሥሩ ያለው ደግሞ አጭር፥ ልስልስና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ይህ የታችኛው ጠጉር በዓይን የማይታይ እሾህ መሳይ ነገር ስላለው በሙቀትና በእርጥበት በታሸ ጊዜ እርስ በርሱ ይያያዝና ውሃ የማያስገባ፥ ቅርጹንም የማይለቅ ጠንካራ ጨርቅ ይሆናል። የአውሮፓ መኳንንትና ባለጸጎች የሚያደርጉት ባርኔጣ የሚሠራው ከዚህ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ቢቨር በአደን ብዛት ሊያልቅ በመቃረቡ ነጋዴዎች ዓይናቸውን ወደ አሜሪካ ደኖች መለሱ። እንግዲህ በአጭሩ ስንናገረው፥ በሎንዶን ጎዳና ለሚንሸራሸር ሰው ባርኔጣ ሲባል ነው በዓለም ሌላ ዳርቻ ካለ ወንዝ አጠገብ ምሽግ የተተከለው።

በሜይ 2 ቀን 1670 የእንግሊዝ ንጉሥ 2ኛው ቻርልስ ሐድሰን ቤይ ኩባንያ ለሚባል የነጋዴዎች ማኅበር የፈቃድ ደብዳቤ ሰጠ። በዚህ ደብዳቤ መሠረት ወደ ሐድሰን ባሕረ ሰላጤ የሚፈሱ ወንዞች የሚያጠጡት አገር ሁሉ ለኩባንያው ንግድ ተለይቶ ተሰጠ። በዚያ አገር የሚኖረውን ነባር ሕዝብ ግን ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። ኩባንያው ከጊዜ በኋላ በሞንትርያል ከተቋቋመው ከሰሜን ምዕራብ ኩባንያ ጋራ ብርቱ ፉክክር ገጠመ። ፉክክሩም ደም እስከ መፋሰስ ደርሶ ነበር። በ1821 ሁለቱ ታርቀው በሐድሰን ቤይ ስም ተዋሐዱ። በዚህም ውሕደት በኮሎምቢያ ወንዝ አፍ ላይ የነበረ አንድ ምሽግ ለሐድሰን ቤይ ኩባንያ ደረሰው። ይህ ምሽግ በ1811 የአሜሪካዊው ነጋዴ የጆን ጃኮብ አስተር ሰዎች አስቶሪያ ብለው የቆረቆሩት፥ በ1813 ለሰሜን ምዕራብ ኩባንያ የሸጡትና ከዚያ ወዲህ ፎርት ጆርጅ የተባለው ነው።

በዚያን ዘመን ያ አገር በሙሉ ኦሬገን ይባል ነበር። እንግሊዝና አሜሪካ ሁለቱም የኛ ነው ስለሚሉ በ1818 ባደረጉት ስምምነት የሁለቱም ዜጎች በእኩልነት እንዲገቡበትና እንዲነግዱበት ተፈቀደ። ኩባንያው ግን ወደ ፊት ድንበሩ ኮሎምቢያ ወንዝ ይሆናል፥ ከወንዙ ሰሜን ያለውም ለእንግሊዝ ይደርሳል ብሎ ገመተ። ስለዚህ ዋናውን ጣቢያ ከደቡቡ ዳር አንሥቶ ከባሕሩ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ በመግባት በሰሜኑ ዳር ለመትከል ቈረጠ። በማርች 19 ቀን 1825 የኩባንያው ገዥ ጆርጅ ሲምፕሰን በሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ላይ የአረቄ ጠርሙስ ሰብሮ በእንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን በጆርጅ ቫንኩቨር ስም ሰየመው። መጀመሪያ የተሠራው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ነበር። ነገር ግን ውሃ ለማመላለስና ዕቃ ለማጓጓዝ ስላስቸገረ በ1829 ወደ ወንዙ ቀርቦ በሜዳው ላይ እንደ ገና ተሠራ።

የምሽጉ አዛዥ ሆኖ የተሾመው ዶክቶር ጆን ማክሎክሊን ነበር። በ1784 በኩቤክ አገር ተወለደ፤ በወጣትነቱ ሕክምና ተማረ፤ ኋላም ወደ ቆዳ ንግድ ገባ። ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ግዙፍ ሰው ነበር። ጠጉሩ በጎልማሳነቱ ስለ ነጣ የአገሩ ሰዎች ባለ ነጭ ራሱ ንስር የሚል ስም አወጡለት። ሚስቱ ማርግሪት በአባቷ የስዊስ ተወላጅ ነጋዴ ልጅ፥ በእናቷ ግን ከአገሩ ነባር ሕዝብ የምትወለድ ነበረች።

ማክሎክሊንን እንደ ጻድቅ አድርጌ ላቀርበው አልሻም። እጅግ ቁጡ ሰው ነበር። በ1836 ከእንግሊዝ አገር አንድ የአንግሊካን ቄስ ወደ ምሽጉ ተላከ፤ ስሙም በአጋጣሚ እንደ እንስሳው ቢቨር ይባል ነበር። ይህ ቄስ በምሽጉ የሚኖሩት ባልና ሚስቶች በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አልተጋቡም ብሎ ወደ ሎንዶን በጻፈው ጽሑፍ የአዛዡን ሚስት ስም አጐደፈ። ማክሎክሊን ይህን ባወቀ ጊዜ፥ በ1838፥ ቄሱን በአደባባይ በዱላ ደበደበው። ከዚህም የከፋ አለ። በ1828 ክላላም የሚባሉ ሰዎች የኩባንያውን ሠራተኞች ገደሉ በመባሉ ከምሽጉ የተላከ ጭፍራ ብዙ ሰው ገደለ፤ መንደርም አቃጠለ። ፍርድ ቤት በሌለበት አገር ከሳሹም፥ ዳኛውም፥ ፈጻሚውም ያው ኩባንያው ነበር።

አሁን ወደ ምሽጉ ውስጥ እንግባ። ዙሪያውን ቁመታቸው 4 ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ግንዶች ጐን ለጐን ተተክለው ያጥሩታል። ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ርዝመቱ 220 ሜትር፥ ወርዱም 100 ሜትር ያህል ሆነ። በውስጡ መጋዘኖች፥ የቆዳ ማከማቻ፥ የዳቦ መጋገሪያ፥ የአንጥረኛ ቤት፥ የሐኪም ክፍልና የጸሐፊዎች መኖሪያ ነበሩ። መጋዘኖቹ በብርድ ልብስ፥ በመዳብ ድስት፥ በመጥረቢያ፥ በጠመንጃ፥ በዶቃና በትምባሆ የተሞሉ ናቸው። አዳኞች ቆዳ ያመጣሉ፤ ዕቃ ይዘው ይመለሳሉ። አባቶቻችን በአሞሌ ጨው እንደ ተገበያዩ ሁሉ በኩባንያውም ንግድ የዋጋ መለኪያው አንድ በሚገባ የተዘጋጀ የቢቨር ቆዳ ነበር። ድስቱ ይህን ያህል ቢቨር፥ ብርድ ልብሱ ያን ያህል ቢቨር እየተባለ ይገመት ነበር። የተሰበሰበው ቆዳ አቧራውና ብሉ እንዲለቅ ከቤት እየወጣ ይራገፋል፤ ከዚያም በመጫኛ ተጨምቆ እየታሰረ ወደ መርከብ ይወርዳል።

የዚህ ሁሉ ልቡ መዝገቡ ነበር። ጸሐፊዎቹ የገባውን ለብቻ፥ የወጣውን ለብቻ ይጽፋሉ፤ በየዓመቱ ቆጠራ ያደርጋሉ። ስንት ምስማር፥ ስንት ኩባያ፥ ስንት ያርድ ጨርቅ እንደ ቀረ ሳይቀር ይመዘገባል። በመሥሪያ ቤቱ ሞዴል 19 ቈርጦ ዕቃ ገቢ ያደረገ፥ በሞዴል 22 ደግሞ ወጪ ያደረገ ሰው በዚያ ምሽግ ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ ሥራው እንግዳ አይሆንበትም ነበር።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዕቃ ከሎንዶን የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ፥ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞሮ በሚመጣ መርከብ ነው። የኮሎምቢያ ወንዝ አፍ ደግሞ ማዕበሉና አሸዋው የከፋ ነው። በ1829 ዊልያም ኤንድ አን የምትባለው የኩባንያው መርከብ፥ በሚቀጥለውም ዓመት ኢዛቤላ የምትባለው በዚያው ስፍራ ተሰባብረዋል። ስለዚህ ማክሎክሊን የአንድ ዓመት ዕቃ ሁልጊዜ በመጠባበቂያነት ያስቀምጥ ነበር። በየብስ የሚሄደው ፖስታ ደግሞ በጸደይ ወራት ተነሥቶ በጀልባ፥ በእግርና በፈረስ 4,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በሐድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳር ወደሚገኘው ወደ ዮርክ ፋክቶሪ ይደርሳል፤ ሲመለስም በጋው አልፎ መከር ይሆናል። በመሆኑም አዛዡ ሎንዶንን አንድ ነገር ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ነገሩ ወይ ተፈጽሞ ወይ ተበላሽቶ ይጠብቀው ነበር። የትእዛዙ ባለቤት ሩቅ ነው፤ ጉዳዩ ግን በር ላይ ቆሟል። ይህን ነጥብ አድማጮቼ በልባቸው እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ከአጥሩ ውጭ የሠራተኞች መንደር ነበር። በደራበት ወራት ወደ 600 የሚጠጋ ሰው ይኖርበት ነበር ይባላል። ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ካናዳውያን፥ ስኮትላንዳውያን፥ ከምሥራቅ የመጡ ኢሮኳውያን፥ ከአካባቢው የቺኑክና የሌሎች ነገዶች ሴቶችና ወንዶች፥ እንዲሁም ከሐዋይ ደሴቶች በሦስት ዓመት ውል የተቀጠሩ ሰዎች በአንድነት ይኖሩበት ነበር። እነዚህ ሁሉ የሚግባቡት ከቺኑክ፥ ከፈረንሳይኛ፥ ከእንግሊዝኛና ከሌሎችም በተውጣጣ የገበያ ቋንቋ ነበር፤ ቺኑክ ዋዋ ይባላል። ጌቶቹ በትልቁ አዳራሽ በእንግሊዝ የሸክላ ሳሕን ሲመገቡ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ለብቻ ይመገቡ ነበር፤ የመንደሩ ሠራተኛ ደግሞ በተለካለት ቀለብ ይኖር ነበር። የማክሎክሊን ዋና ረዳት ጄምስ ዳግላስ ዛሬ ጉያና በሚባለው አገር የተወለደ፥ በእናቱ በኩል ከአፍሪቃውያን ዘር የሚቆጠር ሰው ነበር። ይህ ሰው ኋላ በ1858 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የመጀመሪያው ገዥ ለመሆን በቅቷል።

ገዥው ሲምፕሰን ምሽጉ ቀለቡን ከሎንዶን እንዳይጠብቅ አጥብቆ አዘዘ። ስለዚህ ስንዴ፥ አተርና ድንች ተዘራ፤ የፍሬ ዛፍ ተተከለ፤ የእንጨት መሰንጠቂያ ቆመ። ከብቶቹ እንዲበዙ ለብዙ ዓመታት እርድ ተከለከለ። ሳንቃና ጨው የገባው ዓሣ ወደ ሐዋይ ይላክ ነበር፤ በ1839 በተደረገ ውል ደግሞ በአላስካ ለነበሩት የሩስያ ነጋዴዎች እህልና ቅቤ ይሸጥላቸው ጀመር። ባርኔጣ ለማልበስ የተቆረቆረው ምሽግ ቀስ በቀስ የእርሻ አገር ሆነ።

እስከዚህ ድረስ የመዝገቡን መልካም ገጽ ነው ያነበብሁላችሁ። ከዚህ በኋላ ግን መዝገቡ ያልጻፋቸውን ሁለት ነገሮች እናገራለሁ።

የመጀመሪያው የቢቨሩ ነገር ነው። ኩባንያው በሌሎች ግዛቶቹ ቢቨር እንዳያልቅ በልክ እንዲታደን ሥርዓት አውጥቶ ነበር። ከኮሎምቢያ ወንዝ በስተ ደቡብና በስተ ምሥራቅ ባለው በስኔክ ወንዝ አገር ግን የሲምፕሰን ትእዛዝ ተቃራኒ ሆነ። አገሩ አንድ ቀን ለአሜሪካውያን መድረሱ አይቀርም፤ እንግዲያስ ቢቨሩን ጨርሰን ብናጠፋው አሜሪካዊ አዳኝ የሚመጣበት ምክንያት አይኖረውም የሚል ሐሳብ ነበር። ከ1824 ጀምሮ እስከ 1830 ድረስ ፒተር ስኪን ኦግደን የሚባል መሪ በየዓመቱ ብዙ አዳኞችን እያስከተለ ወንዝ ለወንዝ እየሄደ ይህን ትእዛዝ ፈጸመ። ታሪክ ጸሐፊዎች ያን አገር የቆዳ ምድረ በዳ ብለው ይጠሩታል። የቢቨር ግድብ ሲጠፋ ኩሬው ይደርቃል፤ ኩሬው ሲደርቅ ሣሩና ዓሣው ይሸሻል። በመዝገቡ ላይ ግን ይህ ሁሉ የገባ ቆዳ ተብሎ በገቢ ረድፍ ነው የተጻፈው። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፥ ብልህ ያለቅሳል እንደ ተባለው፥ የዚያ ዘመን ትርፍ የናዳ ትርፍ ነበር። ከዚህም ጋራ በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ የባርኔጣ ሞድ ተለውጦ የአውሮፓ ሰዎች የሐር ባርኔጣ ማድረግ ጀመሩ። ያ ሁሉ እንስሳ ያለቀለት ባርኔጣ ራሱ ጊዜው አለፈበት።

ሁለተኛው የሰዉ ነገር ነው። በ1830 በጋ በምሽጉ አካባቢ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ገባ። በቆላ አገር የኖረ ሰው ንዳድ ሲባል የሚያውቀው ያው ወባ እንደ ነበረ ሊቃውንት ይናገራሉ። በመርከብ የመጣ እንግዳ በሽታ ስለ ሆነ የአገሩ ሕዝብ ሰውነት አልለመደውም። በሽታው በየዓመቱ እየተመለሰ በኮሎምቢያ ታችኛው ክፍልና በዊላሜት ወንዝ ሸለቆ የነበሩትን መንደሮች ባዶ አደረጋቸው። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ10 ሰው ወደ 9 የሚጠጉት እንደ ጠፉ ይገመታል። የምሽጉም ሰዎች ታመሙ፤ ነገር ግን ኪኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት ስለ ነበራቸው ብዙዎቹ ዳኑ። ማክሎክሊን ራሱ ሐኪም ነበር፤ ግን መድኃኒቱ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ አልነበረም። ምስማር ሳይቀር ሲቆጥር የኖረ ቤት ከደጁ የሞቱትን ሰዎች የሚጽፍበት ረድፍ አልነበረውም።

አድማጮቼ ሆይ፤ እነዚህ ሁለት ጥፋቶች አገሩን ባዶ አስመሰሉት። ባዶ የመሰለ አገር ደግሞ ሰፋሪ ይጠራል። በ1834 ጄሰን ሊ የሚባል አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ መጣ፤ በ1836 ዊትማንና ስፖልዲንግ የሚባሉ ሚሲዮናውያን ሚስቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ማክሎክሊንም በምሽጉ ተቀብሎ አስተናገዳቸው። በ1843 ግን 900 የሚያህሉ ሰዎች በበሬ በሚሳብ ሠረገላ ከሚዙሪ ተነሥተው ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው ደረሱ። በሚቀጥሉት ዓመታት ቍጥራቸው እየበዛ ሄደ። ሰዎቹ ወደ ኮሎምቢያ ወንዝ የሚደርሱት በመከር መጨረሻ፥ ስንቃቸው አልቆ፥ ልብሳቸው ተቀዳዶ፥ ከብቶቻቸው ከስተው፥ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር።

ማክሎክሊን እንግዲህ ቁልፉን ይዞ በመጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። በመጋዘኑ ውስጥ እህል፥ ልብስና ዘር አለ። የንብረቱ ባለቤት በሎንዶን የተቀመጠ ኩባንያ ነው። ከፊቱ የቆሙት ደግሞ የተራቡ ሰዎች ናቸው፤ ያውም ነገ ይህን አገር ከእንግሊዝ እጅ ለማስወጣት የሚሹ ተቀናቃኞች ናቸው። ይስጥ ወይ? ብሎ ቢጽፍ መልሱ የሚደርሰው እነርሱ ከሞቱ በኋላ ነው። ማክሎክሊን ጀልባ ላከላቸው፤ እህልና ልብስ በዱቤ ሰጣቸው፤ የሚዘሩትን ስንዴ ባፈሩ ጊዜ በስንዴ እንዲመልሱት አበደራቸው። የተሰጠውንም ሁሉ በየስማቸው አስመዘገበ።

ከጊዜ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ራሱ በጻፈው ቃል እንደ ገለጸው፥ የገፋፋው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። የታጠቀና የተራበ ሰው የተቈለፈ መጋዘን ባየ ጊዜ የሚያደርገው አይታወቅም፤ ጥቂት እህል በዱቤ መስጠት ምሽጉን ከመዘረፍ፥ አገሩንም ከጦርነት የሚያድን መስሎ ታየው። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ምክንያቱን አያሳንሰውም። ደግነትና ማስተዋል አብረው ሲገኙ የሹም ሥራ የሚባለው ያ ነውና።

የሎንዶን አለቆችና ሲምፕሰን ግን ነገሩን እንደዚህ አላዩትም። ዱቤውን ነቀፉ፤ ተቀናቃኝን በገዛ ገንዘባችን ቀለብህ አሉት። በ1842 ልጁ ጆን በስቲኪን ምሽግ በገዛ ሠራተኞቹ እጅ ተገድሎ ሲምፕሰን ጉዳዩን አቃልሎ በማየቱ በሁለቱ መካከል ቀድሞውንም መራራ ቂም ገብቶ ነበር። በመጨረሻ ኩባንያው የማክሎክሊንን ሥልጣን ለሦስት ሰዎች ከፋፈለው፤ ተጨማሪ ደመወዙንም አስቀረበት። እርሱም በ1846 አገልግሎቱን ትቶ በዊላሜት ወንዝ ዳር ራሱ ወደ ቆረቆራት ወደ ኦሬገን ሲቲ ሄደ።

በዚያው ዓመት በጁን 15 ቀን እንግሊዝና አሜሪካ ድንበሩን በ49ኛው የኬክሮስ መስመር ለመወሰን ተፈራረሙ። ምሽጉ ከመስመሩ በስተ ደቡብ ስለ ነበረ በአሜሪካ ግዛት ውስጥ ወደቀ። የወንዙን ሰሜናዊ ዳር የመረጠው የሲምፕሰን ግምት ከንቱ ሆነ።

ማክሎክሊን ግን ካበደራቸው ሰዎች መካከል ለመኖር ወስኗልና የአሜሪካ ዜግነት ጠየቀ። አንዳንዶቹ ዕዳቸውን በታማኝነት ከፈሉ፤ ሌሎቹ ግን ካዱ። ከዚያም ብሶ በ1850 የወጣው የመሬት ሕግ በአንድ አንቀጹ በኦሬገን ሲቲ የነበረውን ርስቱን ለይቶ ወሰደበት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው። በሴፕቴምበር 3 ቀን 1857 በኀዘን አረፈ። በ1862 የኦሬገን ምክር ቤት ርስቱን በ1,000 ዶላር ብቻ ለወራሾቹ መለሰ፤ በሞተ በ100ኛው ዓመት፥ በ1957፥ የኦሬገን አባት የሚል ማዕርግ ሰጠው። ኩባንያው በመዝገቡ ላይ ኪሳራ ብሎ የጻፈው ዱቤ የስሙ መታሰቢያ ሆነ።

የምሽጉ ፍጻሜ ፈጣን ነበር። በ1849 የአሜሪካ ጦር መጥቶ በአጠገቡ ሰፈረ። ኩባንያው በ1860 ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ፤ የቀሩትም ቤቶች እስከ 1866 ድረስ በእሳት ጠፉ። በ1869 ለኩባንያው 450,000 ዶላር፥ ለእርሻ ቅርንጫፉም 200,000 ዶላር ካሳ እንዲከፈል ተወሰነ። መዝገቡ በዚህ ተዘጋ። አገሩ የነርሱ የነበረው የቺኑክ ሰዎች ግን በዚያ ሒሳብ ውስጥ የሉም። የአሜሪካ መንግሥት በ2001 ለቺኑክ ሕዝብ ዕውቅና ከሰጠ በኋላ በ2002 መልሶ ሽሮታል። ኩባንያውም ራሱ ከ355 ዓመት ዕድሜ በኋላ በ2025 መደብሮቹን ዘግቷል።

ምሽጉ የነበረበትን መሬት የታሪክ መርማሪዎች ከ1947 ጀምሮ ቆፍረው መሠረቱን አገኙት፤ ዛሬ አጥሩና ቤቶቹ በቀድሞ መልካቸው ተሠርተው ይጐበኛሉ። ከምሽጉ ዘመን በሕይወት የቆየ አንድ ነገርም ነበር፤ ይኸውም የፖም ዛፍ ነው። እንደሚነገረው፥ አንድ የኩባንያው የመርከብ መኮንን ከሎንዶን ከመነሣቱ በፊት በተጋበዘበት ማዕድ አንዲት ወይዘሮ የበላችውን የፖም ፍሬ ዘር በጨዋታ በኪሱ ጨመረችለት፤ እርሱም ዘሩ በኪሱ እንዳለ ምሽጉ ደረሰ። በ1826 የተተከለው ያ ዛፍ 194 ዓመት ኖሮ በ2020 ደረቀ፤ ከሥሩ የበቀሉት ችግኞች ግን ተጠብቀው ይገኛሉ። ያ የፖም ዘር ከመርከቡ ጭነት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ማንም በፊርማ አልተረከበውም፤ በዓመቱ ቆጠራም አልተገኘም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ መዝገብ መያዝ መልካም ነው። መዝገብ ባይኖር ምሽጉ አንድ ክረምት እንኳ ባልዘለቀ፥ እኛም ታሪኩን ባላወቅን ነበር። ነገር ግን መዝገብ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ከረድፎቹ ውጭ የቀረውን፥ የደረቀውን ኩሬ፥ ባዶ የቀረውን መንደር፥ በር ላይ የቆመውን የተራበ ሰው ማየት የሚገባው ብዕሩን የያዘው ሰው ነው። የዚያ ምሽግ ሹም ብዙውን ሳያይ አልፎ አንዱን ግን አየ፤ ስሙም የተረፈው ስላየው ስለዚያ ስለ አንዱ ነው።

ደኅና እደሩ።